በእኔ ቦታ ወደ ዛንዚባር

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ባልሽ ምስክርስ እንደምን አለልኝ? የልጅ ልጄ የኮከብዬ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስቸግራታል? ማር በሎሚ አድርገሽ ስጫት ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን የሐኪም እንጂ የእናት መድኃኒት አትሰሚም። እኛ ውርጩ ፊታችንን ከመላጡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። አባትሽ ጉልበቴን ይላል፣ ግን እንደ ልማዱ አይቀመጥም። ወንድምሽ እሱባለውም አለ። ሁላችንም ደህና ነን።

ደህና ነን ያልሁሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው ልጄ። ደህና አይደለንም። ፊደሉ ቢበላሽ እንዳትስቂብኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኬን ፈርቼዋለሁ። ከትናንት ወዲህ በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ አጥፍቼው እንኳ የሚጮህ ይመስለኛል። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ጎረቤታችን የምሥራች ናት። የእህቷን ልጅ ክርስትና ልታስነሣ አዲስ አበባ ትመጣለች። ውስጡ ያለውን አታውቅም፣ ቅቤ የላክሁልሽ ነው የሚመስላት። ቅቤም አለበት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለምስክር ብታሳዪው ግድ የለም፤ ከእሱ በቀር ግን ሌላ ሰው እንዳያየው።

ከመስቀል ልጀምርልሽ። ለመስቀል መጥተሽ ያን የዛንዚባርን ሰማያዊ ውሃ በስልክሽ ስታሳዪን አባትሽ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ? ውሃ ለማየት ከሆነ ክረምት ላይ ደጃፋችን ድረስ ይመጣልናል፣ እኔ ወደ ውሃ አልሄድም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። እኔ ግን ልቤ ሸፈተ። ሰው ብርድ እንዳይመታው የበግ ጠጉር ባና ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ባና የማያስፈልግበት አገር አለ ሲሉኝ ማየት አማረኝ። በእግሬ የባሕሩን አሸዋ ልርገጠው ብዬ ተመኘሁ። ምኞት ኃጢአት ነው እንዴ?

ወጪውን ከምስክር ጋር እንዴት እንደምታብቃቁት ስታስረጂኝ እንዴት ኮርቼብሽ ነበር። የፈረንጆቹ በዓል አልፎ ዋጋ ሲወርድ፣ ከእኛ ገና በኋላ እንሄዳለን አልሽኝ። ግማሹን ባሁኑ እቁብሽ ትከፍያለሽ፣ ግማሹ ከገና በፊት ይገባል። ሁለት ክፍል ከምንይዝ አንድ ሰፋ ያለ ይዘን ኮከብ ከእኔ ጋር ትተኛለች። ሆቴሉ የሚያበላው ቁርስ ብቻ ነው ብትዪኝ፣ ለምሳና ለራት በሶና ዳቦ ቆሎ እይዛለሁ ብዬሽ በሳቅ ሞትሽ። እኔ የምሬን ነበር። ሰው ባሕር ዳር ተቀምጦ በሶ ቢበጠብጥ ምን ነውር አለው? ፈረንጁም ቀምሶ ይለምደው ነበር። ብቻ አንድ ነገር አስጨነቀኝ፤ የሴት ልጄን እቁብ በልቼ መዝናናት አልፈልግም። የራሴን ድርሻ ራሴ ካልቻልሁ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብዬ ተገዘትሁ።

ለዚህ ነው በጎቹን የሸጥሁት። ጫኔ፣ ያ በግ እየሰበሰበ ደብረ ብርሃን የሚያወርደው ነጋዴ፣ ተከራክሮ ተከራክሮ ወሰዳቸው። ለዘር ያስቀረኋቸው ጥቂት ናቸው። ገንዘቡን ባንክ ላስገባ አስቤ ተውሁት። እዚህ ባንክ ቤት ተሰልፈሽ ከታየሽ እንደምታውቂው ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ገንዘብ አገኘች ይባላል፤ ማታ ብድር ጠያቂ በር ያንኳኳል። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልዬ ከገብሱ ጎታ ሥር ቀበርሁት። አባትሽ ገብሱን ዝቆ አወጣልኝ፣ እሱባለው መልሶ ሞላው። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስትሰሚ ብልጠቴን ትፈርጂዋለሽ። አውሮፕላኑ አላስፈራኝም፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ነው ያስፈራኝ። ያን ሁሉ ውሃ ምን ይዞት ነው ከቦታው የማይነሣ? ኮከብስ ከእጄ ብታመልጥ? እንቅልፍ ስላጣሁ ለኅዳር ሚካኤል ተሳልሁ። ልጆቼን በሰላም ወስደህ በሰላም ብትመልስልኝ ባለ ዘቦ ጥላ አስገባልሃለሁ አልሁት። በልቤ ይዤው ብቀር ምን ነበረበት! ግን በእኛ ዘንድ በልብ የተያዘ ስለት ስለት አይባልም፤ ለመዝጋቢው ይነገራል፣ በንግሡ ቀን ታውጆ እልል ይባልበታል። ወልደ ጻድቅ፣ የሰበካው ጸሐፊ፣ ምን ብዬ ልመዝግበው ሲለኝ እውነቱን ነገርሁት። አንዲት እኅታችን ብሎ የሚያልፈኝ መስሎኝ።

ለካ አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝተው ኖሯል። ታቦቱ ቆሞ፣ ሕዝቡ ከዘመሮም ከየገጠሩም ተሰብስቦ ሜዳው ሞልቶ ሳለ፣ ወልደ ጻድቅ ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ባሕር ተሻግረው ዛንዚባር ወደምትባል ደሴት ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ለመዝናናት እንደሚሄዱ፣ በሰላም ቢመለሱ ባለ ዘቦ ጥላ ሊያስገቡ እንደተሳሉ አወጀ፤ እልል በሉ አለና ሁለተኛ ደገመው። ሕዝቡም እልል አለ። አባትሽ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው አወረደው።

እኔማ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴቶቹ ከበቡኝ። ወለተ ኢየሱስ ለእግሯ ቁርጥማት ከባሕሩ ውሃ በጀሪካን እንዳመጣላት አደራ አለችኝ። ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ናት ወይ ብለው የጠየቁኝም አሉ። በዚያ ናት አልኋቸው፣ ምን አውቄ! ወደ ቤት ስንመለስ አባትሽ፣ በዚህ ዘመን አስተዋይ ሰው የሚያሳውጀው ድህነቱን ነው አለኝ። ቅናት ይዞት ነው ብዬ ናቅሁት። አሁን ያ ነገሩ ከጆሮዬ አይወጣም።

የመንገዱን ነገር አንቺም በወሬ ታውቂዋለሽ። ሰው ከመኪና አውርደው ይወስዳሉ፤ ከዚያ ለቤተሰቡ ስልክ ይደወላል። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅም አይናገርም። ቤቱን ሸጦ ከፍሎም ሬሳ የተቀበለ አለ። እስካሁን ሲወራ ከንፈሬን እየመጠጥሁ ነበር የምሰማው፤ ባለ ሱቅን እንጂ ባና ሻጭን ማን ይነካል ብዬ።

ጾሙ በገባ ሰሞን ሱቅ ውስጥ ባና ስደረድር ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። እናታችን ብሎ ጀመረ። ድምፁ የወጣት ነው፣ አነጋገሩም ጨዋ አሳዳጊ ያለው ሰው አነጋገር። ስለ ደሴቱ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። አመሰገንሁት እኮ! የማውቀው ልጅ መስሎኝ የማን ልጅ ነህ ብዬም ጠየቅሁት። ለመዝናናት የተረፈው ሰው ለእኛም አያጣምና ያስቡን አለና፣ ስንት ብር እንደማስባቸውም ራሱ ነገረኝ። ስንት እንዳለ አልጽፍልሽም፣ የቤታችንን ቆርቆሮ ነቅለን ብንሸጥ አይሞላም። ልጄ ናት የምትከፍለው፣ እኔ ምን አለኝ አልሁት። እሱም ሳይቆጣ፣ ሰኞ ሰኞ አባታችን ባና ጭነው ደብረ ብርሃን እንደሚሄዱ እናውቃለን፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ይጠንቀቁ አለኝና ዘጋው።

 የባናው ክምር ላይ ተቀመጥሁና ደንበኛ መጥታ ዋጋ ስትጠይቀኝ ዛሬ አልሸጥም ብዬ መለስኋት።

ለአባትሽ ነገርሁት። መጀመሪያ ሕግ ቦታ እንሂድ አለ። ቆይቶ ደግሞ ያመለከቱ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አስታወሰና ተወው። አትሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሰኞ ብቀር የፈራሁ መሆኔን ያውቃሉ፣ የፈራ ሰው ደግሞ ገንዘብ አለው ማለት ነው ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ነው አባትሽ፤ ሲፈራ ምክንያት ይደረድራል።

ያን ሰኞ እንዳልሞትሁ እንጂ እንዴት እንደዋልሁ አላውቅም። ሁልጊዜ በአሥር ሰዓት ይመለሳል። አሥር አለፈ። ስልኩ ዝግ ነው። እሱባለውን አስከትዬ መናኸሪያ ወረድሁ። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ የለበትም። ሌላው መጣ፣ የለበትም። ወያላውን መንገድ ሰላም ነው ወይ ስለው ትከሻውን ሰበቀልኝ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ብርዱ እንደ መርፌ ይወጋ ጀመር። ሚካኤልን እንኳ ድምፄን አውጥቼ ለመጥራት ፈራሁ፤ ጮክ ብዬ በጸለይሁ ቁጥር ሌላ ሰው የሚሰማኝ መሰለኝ። ወንድምሽ አጠገቤ ቆሞ ከእኔ ብሶ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆንህ ስለው ብርድ ነው አለኝ። ባናዬን አውልቄ ላልብሰው ስል አልቀበልም አለ።

ኋላ አባትሽ በጭነት መኪና መጣ። የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ሲለውጡ ውለው ነው፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ። ሲወርድ በቡጢ ደረቱን መታሁት፣ ከሰው ሁሉ ፊት። ሊስቅ ጀመረና ዓይኔን ሲያይ ተወው። እሱባለው አባቱን አልሳመውም። ፊቱን ወደ መናኸሪያው ግድግዳ አዙሮ፣ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አልሆነም። ውሻው በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ። በር ሲንኳኳ ማን ነው ከማለቴ በፊት በቀዳዳው አጮልቄ እጁን አያለሁ። ሕፃናት መንገድ ላይ ሲጯጯሁ ዋይታ ይመስለኛል። አባትሽ ፈሪ ይለኛል፤ እሱ ግን ምሳሩን ከማገዶው ቤት አምጥቶ ከአልጋው ሥር ከቶታል። ያላየሁ መስሎታል።

ሁለተኛው ስልክ የመጣው በሳምንቱ ነው። ያው ልጅ ነው፣ አሁንም እናታችን አለኝ። የለኝም ብለውኝ ነበር፣ ከገብሱ ጎታ ሥር ያለው ታዲያ ምንድን ነው አለኝ። ከገና በፊት የሚከፈል ግማሽ እንዳለባችሁ እናውቃለን፤ ያን ለሆቴል ከምትሰጡ ለአገር ልጅ ብትሰጡ ይሻላል አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። 

ልጄ፣ ወልደ ጻድቅ በድምፅ ማጉያው ስለ ጎታ አልተናገረም።

ለአባትሽ ደወለ አልሁት፣ ስለ ጎታው ግን አልነገርሁትም። እሱ ወልደ ጻድቅን ሲረግም አመሸ፤ ነገ ሄጄ ያን ማጉያ ራሱ ላይ እሰብረዋለሁ እያለ። ይርገመው፣ እሱን ቢረግም ይሻላል አልሁ በልቤ። እኔ ግን ተኝቼ ሰዎችን አንድ በአንድ አወጣሁ አወረድሁ። ጫኔ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ እንጂ የት እንዳስቀመጥሁት አያውቅም። ባልሽን እንኳ ጠረጠርሁት፣ ይቅር በይኝ፤ ከገና በፊት ስለሚከፈለው ያውቃልና። ግን ስለ ጎታው ማን ነግሮት? አንቺስ ስለ ጎታው የሰማሽው ዛሬ፣ ከዚህ ደብዳቤ አይደለም? እዚህ ላይ ስደርስ መጠርጠሬን አቆምሁ። እስኪነጋ ጣሪያውን ሳይ አደርሁ። እስከዚያ ድረስ ስፈራ የነበረው ፍርሃት አልነበረም ልጄ፤ ፍርሃትን ያወቅኋት ያን ዕለት ነው።

ስለ ወንድምሽ ብዙ አልጻፍሁልሽም። የደብረ ብርሃኑ ፋብሪካ ሥራ ቀንሶ ከመለሰው ወዲህ እንደምታውቂው ሥራ የለውም። በአባቱ ፊት መቀመጥ ያፍራል። በኳስ ገንዘብ የሚያስይዙበት ቤት ይውላል ይሉኛል፤ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ያዩታል። ከስቷል። ስልኩ ሲጠራ ከአጥር ውጭ ወጥቶ ነው የሚያነሣው። ክፉ ልጅ አይደለም። አንቺን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ያሻግርሽ የነበረ ልጅ ነው፣ አንቺ ታላቁ ሆነሽ እሱ ታናሽ ሳለ፤ እግሬ ይርሳል እያልሽ ስታታልዪው።

በማግስቱ ራት ላይ፣ ሽሮዋን አቅርቤ፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ተናገርሁ። የበጉ ገንዘብ ነገ ወደ እህትህ ሒሳብ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የሚገኝ ነገር የለም አልሁ። ደሴቱንም እኔ ተውሁት፣ ጉልበቴ አውሮፕላን አይችልም፤ እህትህ በእኔ ቦታ አንተን ትወስድሃለች አልሁት። አንቺን ሳልጠይቅ በስምሽ ዋሸሁ። አባትሽ መጀመሪያ ገረመው፣ ኋላ ግን ደስ አለው፤ ልጁ ዓለም ይይ፣ እኛ ምን ቀረን አለ። ወንድምሽ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ለምን እኔን ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። አንተ ወጣት ነህ፣ ኮከብን ውሃ ዳር ሮጠህ ትይዛታለህ አልሁት። አየኝ። እኔም አየሁት። በጎቹን ልያቸው ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በረቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ግን አልወጣሁም። ብወጣ የሚነግረኝን ፈራሁ።

ሲነጋ ከባንኩ በር ላይ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነበርሁ። ያየኝን ሁሉ ሰላም አልሁ፣ ለልጄ ገንዘብ ልልክላት ነው እያልሁ ሳልጠየቅ ነገርሁ። ከተማው ሁሉ ይወቅ፣ እዚህ ምንም የለም አልሁ። ከየት መጣ ብለሽ የተገረምሽበት ገንዘብ እሱ ነው።

ያን ቀን ስልኩ አልጮኸም። በማግስቱም አልጮኸም። በሳምንቱም። አባትሽ ሚካኤል ሰማን ብሎ ጧፍ አበራ። አሜን አልሁት።

እፎይ ያልሁ እንዳይመስልሽ። ወንድምሽ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ገበያ ሂድልኝ ስለው ራሴን አመመኝ ይላል። ከአጥር ውጭ ወጥቶ ስልክ ማንሣቱም ቀርቷል፣ ስልኩን ጭራሽ አላየውም። ቁመተ ሙሉ ሰው በእናቱ ጓዳ ተሸሽጎ ሲውል ማየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እግዜር አያሳይሽ።

ትናንት ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት በራችን ላይ ቆመ። ሌሎች ሁለት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይጠብቁታል። ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ማተቡ አንገቱ ላይ የሚታይ፣ ከእሱባለው ጋር እኩያ የሚሆን ነው። እናቱ ከእኔ ባና ገዝታ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና፣ እናታችን፣ እሱባለው አለ ወይ አለኝ።

ድምፁ ያው ነው ልጄ። ያው ነው።

የአጥሩን እንጨት ያዝሁት። ራቤል ከተማ አጎቱ ዘንድ ሄዷል፣ መቼ እንደሚመለስ አላወቅሁም አልሁት። ፈገግ አለ። ሲመጣ ጠይቀውህ ነበር ይበሉት፣ ቃል ሰጥቶን ነበር፣ ቃል ደግሞ አይበላም አለኝ። ስንብቱም በትሕትና ነው። ወደ ቤት ስገባ ወንድምሽ ከጎታው ኋላ ተለጥፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። እንግዶች ነበሩ፣ ሄዱ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። እነማን ናቸው ብሎ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። በራት ላይ በስምሽ የዋሸሁትን እውነት አድርጊልኝ። በእኔ ቦታ እሱን ውሰጂው። ለዐረብ አገር ብሎ ያወጣው ፓስፖርት አለ፣ ቀኑም አላለፈበትም፣ አይቼዋለሁ። የአውሮፕላኑን ቲኬት ወደ እሱ ስም ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አይቻልም ካሉሽ የኔው ይቃጠል፣ ለእሱ አዲስ ይገዛለት። ለልዩነቱ ያለኝን ባና በጅምላ ለነጋዴ እሰጣለሁ፤ ከስሬም ቢሆን እሸጠዋለሁ። ክፍሉ ቢጠብባችሁ እሱ መሬት ላይ ይተኛል፣ ለምዶታል። በሶውንም ዳቦ ቆሎውንም አሲዤዋለሁ፤ ለምግብ ብዙ አያስወጣችሁም።

ምስክር እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ይዝናናል፣ ይቅር ይል ይሆናል። እንዳይቀር ንገሪው። የከፈላችሁት ግማሽ እንደሆነ አይመለስም ብለሽኛል። ከዚያ በላይ ግን፣ እዚህ አገር ከቤቱ የጠፋ ልጅ ለምን ጠፋ ይባላል፣ ይፈለጋል፣ አባቱም ይጠየቅበታል። ከእህቱ ጋር ሊዝናና የሄደን ልጅ ግን ታድሎ ይሉታል እንጂ ለምን ሄደ የሚለው የለም። ሲያልቅም ወደዚህ እንዳትመልሺው። ምስክር ከሚያውቃቸው ሰዎች ዘንድ፣ ከመንዝ በራቀ ቦታ፣ የቀን ሥራም ቢሆን ያስገባልኝ። ናፍቆቱን እኔ እችለዋለሁ።

ሰኞ ይነሣል። ከአባትሽ ጋር ነው የሚሄደው፤ ደብረ ብርሃን አድርሶ አዲስ አበባ መኪና ላይ ያሳፍረዋል። ከአባትሽ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም፣ ለብቻውም ልልከው አልደፍርም። አባትሽ ምንም አያውቅም፣ እንዳያውቅም እፈልጋለሁ። ደስ ብሎታል። ብቻዬን ስመላለስ እፈራ ነበር፣ ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ ማን ይነካኛል እያለ ለጎረቤቱ ያወራል። እኔ ስንቃቸውን እቋጥራለሁ። ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን እያንዳንዱን መታጠፊያ በልቤ እየሄድሁበት ነው። አንድ መኪና ላይ ሁለቱንም ጭኜ ለማን ልፍራ? ከማንስ ልፍራ?

ሰኞ ስልኬን ከሣጥን አወጣዋለሁ። ወንድምሽ እጅሽ ሲገባ ደውለሽ ደረሰ ብቻ በይኝ፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ።

የሰማይና የምድር ጌታ ትዳርሽን ያጽናልሽ። ምስክርን ከክፉ ቀን ይሰውርልኝ፣ ወንድ ልጅ ሆኖልኛልና። ኮከብዬን ያሳድግልኝ፣ ስትስቁ ክፉ ጆሮ አይስማችሁ። በውሃውም በየብሱም መልአኩ አይለያችሁ። ወንድምሽ በርሽ ላይ ሲቆም አቅፈሽ ሳሚልኝ። ከስቶ ብታዪው አትደንግጪበት፣ ሌሊት ቢባንን ቀስቅሺው። ለምን መጣህ ብለሽ ግን አትጠይቂው። እኔም አልጠየቅሁትም።

የሁለታችሁም እናት